አባቴ ኮምፒውተር ነበር

ዲቪ የደረሰው ለአባቴ ነበር፤ እኔ በእሱ ስም ነው የገባሁት። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ በገባን በሦስተኛው ወር ግን ነገሩ ተገለበጠና አስተርጓሚውም፣ ሾፌሩም፣ ደብዳቤ አንባቢውም እኔ ሆንኩ። ሃያ ዓመቴ ነበር። እንግሊዝኛዬ ደህና ነው፤ ትዕግሥት ግን አልፈጠረብኝም። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ እኔ ተርጉሜ እጨርሳለሁ። አባቴ ይስቅብኝና «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይለኝ ነበር።

አገር ቤት ካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ነበር የሚሠራው። ቀያሾች ከየተራራው ለክተው የሚያመጡትን ማዕዘንና ርቀት ቢሮ ተቀምጦ ያሰላ ነበር። የሚያሰላበትም በእጅ የሚዞር የብረት ማሽን ነው፤ እጀታውን ወደ ፊት ሲያዞሩት ይደምራል፣ ወደ ኋላ ሲያዞሩት ይቀንሳል። አንዱን ስሌት ሁለት ሰዎች ለየብቻ፣ ሳይነጋገሩ ይሠሩታል። መልሱ ከገጠመ ይፈርማሉ፤ ካልገጠመ ሁለቱም እንደገና ይጀምራሉ። ይህን ወሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለሰለቸኝ እሱ ሲጀምር እኔ እነሣለሁ።

የምንኖረው ዋይትሆል የሚባል ሰፈር ነበር። እሱ ካናል ዊንቸስተር በሚባል ቦታ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ያነሣል። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከሥራ ሲመለስ ግድግዳ ተደግፎ ነው ጫማውን የሚያወልቀው። አንድ ቀን ጋዜጣ አጥፎ ይዞ መጣ። ቤክስሊ አካባቢ ያለ ትንሽ የቅየሳ ቢሮ የስሌት ረዳት ይፈልጋል።

«ይህ የእኔ ሥራ ነው» አለኝ።

«በል እንግዲህ አፕላይ እናድርግ» አልኩት።

የኢንተርቪው ዕለት ጠዋት ከረባቱን ሦስት ጊዜ አስሮ ሦስት ጊዜ ፈታው። እንዲህ ሲጓጓ አይቼው አላውቅም። እኔም ጓጓሁለት። ያን ሥራ ቢያገኝ ከካርቶን ይገላገላል፣ በሚያውቀው ነገር ይከበራል።

የቢሮው ኃላፊ ጨዋ ሰው ነበር። አገርህ ምን ትሠራ ነበር ብሎ ጠየቀው። አባቴ ወንበሩ ላይ ቀና አለና ወደ እኔ ዞረ።

«አሥራ ስምንት ዓመት ኮምፒውተር ነበርኩ በይው።»

ፊቴ ጋለ። ሰው እንዴት ኮምፒውተር ይሆናል? እንግሊዝኛው ተምታቶበት ነው ብዬ ደመደምኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አባዬ፣ እንደዚያ እኮ አይባልም» አልኩት።

«ያልኩሽን በይው።»

እኔ አጉል አዋቂዋ ወደ ሰውየው ዞሬ፣ አሥራ ስምንት ዓመት በኮምፒውተር ሠርቷል አልኩ። አባቴ ኮምፒውተር የምትለዋን ቃልና ቁጥሩን ስለሰማ በኩራት ራሱን ነቀነቀ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰውየው ደስ ብሎት ተነሣ፤ አባቴን ወደ ውስጠኛው ክፍል ወስዶ አንድ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠውና እስቲ እነዚህን አስላልኝ ብሎ ቁጥሮች ሰጠው። አባቴ ማሽኑን አየው፤ ጎንና ጎኑንም አየ። ቁልፎቹን አልነካም። ከኪሱ እርሳስ አወጣና በገዛ እንግሊዝኛው ወረቀት ጠየቀ። ሰውየው ግድ የለም፣ አያስፈልግም አለና እኔን አየኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ኮል እናደርጋለን ብሎ ሸኘን፤ አልደወለም።

መኪና ውስጥ አባቴ «ጊዜው አልፎብኛል፤ ሰውየው ምን ያድርግ» አለ። ቃሉን መቀየሬን ያን ቀን መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ።

በበልጉ ኮሌጅ ገብቼ የኮምፒውተር መግቢያ ትምህርት ወሰድኩ። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ ስለ ጥንት የስሌት ማሽኖች ነበር። አንድ ፈረንሳዊ ወጣት፣ አባቱ የግብር ሹም ሆኖ ቀኑን ሙሉ ሲደምር ሲያይ አሳዝኖት፣ ባለ ጥርስ ክቦች እያዞረ የሚደምር ሣጥን ሠራለት ይላል። ይህን ሳነብ ትንሽ ቆጠቆጠኝ። አንድ እንግሊዛዊ ደግሞ በስሌት ሠንጠረዥ መጻሕፍት ውስጥ ባለው ስህተት ተናዶ ግዙፍ ማሽን ጀመረ፤ ዕድሜው አለቀ እንጂ ማሽኑ አላለቀም። እሱን ወደድኩት፤ ቁጣው የእኔን ይመስላል።

ገጹን ስገልጥ ፎቶ አለ። ሴቶች በረድፍ ተቀምጠዋል፤ በየፊታቸው እጀታ ያለው ማሽን አለ። ከሥሩ የተጻፈው ኮምፒውተር ማለት ማሽኑ ከመምጣቱ ብዙ ዘመን በፊት የሚያሰላ ሰው መጠሪያ ነበር ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ እዚያው ክፍል ውስጥ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ፈተና የወደቅኩ መስሏት ሶፍት ሰጠችኝ።

ቤት ስገባ አባቴ ሽንኩርት እየላጠ ነበር። መጽሐፉን ገልጬ ፊቱ ዘረጋሁት። ፎቶውን ሲያይ ፊቱ በራ።

«አላልኩሽም? እኔ አልፈጠርኩትም እኮ። ያሠለጠኑን አሜሪካኖች በመታወቂያዬ ላይ የጻፉት ነው!»

«አባዬ፣ እኔ ግን ለሰውየው እንደዚያ አላልኩትም።»

ቢላዋውን አስቀመጠ። «ምን አልሽው?»

ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እንግዲያ ሰውየው የሸኘኝ ውሸታም ነው ብሎ ነዋ» አለ።

«አላወቅሁም ነበር አባዬ። እንዳይስቅብህ ብዬ ነው።»

«ይስቅ ነበር። ከዚያ እኔ አስረዳው ነበር።» እጁን ታጠበና መጥቶ ተቀመጠ። «ሌላስ? ሌላ ምን ቀየርሽብኝ?»

«ምንም» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ባለፈው ወር ሐኪም ቤት ይዤው ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ረጅም ነገር ተናገረ፤ እኔ ግን ክኒኑን ዋጥ፣ ጨው ቀንስ ብሎሃል ብቻ አልኩት። እንዳይደነግጥ ብዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር የደነገጥኩትስ እኔ ነኝ። ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና ሐኪሙ ስለ ልቡ ያለውን ሁሉ፣ አንድም ቃል ሳላስቀር ነገርኩት።