ኦዲል ፓሬ መቃብር ውስጥ የተኛች ዕለት

ዳፖያ ሰፈር ውስጥ ኦዲል ፓሬን አላውቃትም የሚል ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ጆሮ የለውም። ድምጿ ከሽመና ዕቃዋ ኳኳታ በላይ ይሰማ ነበር። እኔ ከመንገዱ ማዶ ልብስ እሰፋለሁ። በጎሳ ሞሲ ነኝ፤ እሷ ደግሞ ሳሞ። ስለዚህ ሱቄን ከፍቼ ሳልጨርስ በየማለዳው እሰደብ ነበር።

"አንተ ሞሲ! እመቤትህ ቆማ አንተ ትቀመጣለህ?"

"እትዬ ኦዲል፣ ውሻ በልተሽ ነው በጠዋቱ እንዲህ የምትጮኺው?"

"አዎ በልቼ ነው! ጭንቅላቱን ላንተ አስቀምጬልህ ነበር፤ ለአሽከር በዛ ብዬ ተውኩት እንጂ።"

ሞሲና ሳሞ እንዲህ ነን፤ እነሱ አሽከር ይሉናል፣ እኛ ውሻ በላ እንላቸዋለን። ራኪሬ እንለዋለን። ስድብ አለ፣ ቂም የለም። የተቀየመ ሰው የሚስቅበት እንጂ የሚያዝንለት አያገኝም። ከሁለታችን ወገን ሰው ሲሞት ደግሞ ሌላው ሄዶ መቃብሩ ውስጥ ይጋደማል፤ ዶሮም ይሁን አንድ እንስራ ዶሎ፣ የማሽላ ጠላችን፣ እስኪሰጡት ድረስ ሬሳው አይገባም። ለቀስተኛው እንባውን ሳይጠርግ ይስቃል።

ወታደር ሲገዛን ያ የመጀመሪያው አልነበረም። አንዱ ሌላውን እየገለበጠ ሬዲዮው ማርሽ ሲመታ እኛ የምንጠይቀው ማሽላ ተወደደ ወይስ ረከሰ ብለን ነበር። ይኸኛው ግን ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ጥጡን የምናበቅለው እኛ፤ የሚወስደው ፈረንጅ። ጨርቅ ሆኖ ሲመለስ በዶሮ ዋጋ የሸጥነውን በበሬ ዋጋ እንገዛዋለን። "ያመረትነውን እንልበስ" አለ መንግሥት፤ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የአገሩን ሸማ፣ ፋሶ ዳን ፋኒ፣ እንዲለብስ ታዘዘ። ጸሐፊዎቹ ሸሚዙን መሳቢያ ውስጥ ደብቀው፣ ፕሬዚዳንቱ ሊጎበኝ ነው ሲባል ብቻ ያጠልቁት ነበር። ስቄባቸዋለሁ። ያው መንግሥት የወንድሜን ልጅ አድማ መታህ ብሎ ከመምህርነት ያባረረው ነው፤ እሱን ሳስብ ሳቄ ይጠፋል። ሁለቱም እውነት ነው፣ ሁለቱንም እናገራለሁ።

ሽመና የወንድ ሥራ ነበር። ኦዲል ባሏ ሲሞት ከሳሞዎቹ አገር ከቶማ መጥታ፣ ወንዶቹ ሲሸምኑ አጠገባቸው ኦቾሎኒ እየሸጠች በዓይኗ ተማረች። አዋጁ ሲወጣ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስባ፣ አንድ ነጋዴ ጥሎት የኮበለለውን መጋዘን ጠርጋ የሽመና ዕቃ ተከለችበት። በዓመቱ ከሴቶቹ አንዷ ባሏን ሳታስፈቅድ ሞቢሌት፣ ባለ ሞተር ብስክሌት፣ ገዛች። ሰፈሩ ተንጫጫ። ባልየው ሲያማርር ሰነበተና በመጨረሻ ከኋላዋ ተፈናጦ መሄድ ጀመረ።

መጋዘኑን ግን ሌላ ሰው ተመኘው። የሰፈራችን አብዮት ኮሚቴ ተጠሪ ዛካሪያ፣ ጠመንጃ ከያዘ ወዲህ አንገቱ የረዘመ ጎረምሳ፣ የዳንስ ቤት ላድርገው አለ። የአካባቢው አዛዥ ሻምበል ፈቀደለት፤ ራሱም ሊያስታውቅ መጣ።

"ጓዶች፣ ቤቱ በሦስት ቀን ይለቀቅ። ወጣቱ የሚዝናናበት ቦታ ያስፈልገዋል" አለ በሩ ላይ ቆሞ።

ኦዲል መወርወሪያዋን አላቆመችም። "ስምህ ማነው?"

"ሻምበል ራፋኤል ኪንዳ።"

"ኪንዳ! ሞሲ ነህ እንዴ? እናንተ፣ አሽከሬ ዩኒፎርም ለብሶ መጣላችሁ! በል ጫማህን አውልቅና ውሃ ቅዳልኝ።"

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። አጃቢዎቹም ከንፈራቸውን ነከሱ። ሻምበሉ ግን አልሳቀም።

"ጓድ ፓሬ፣ ይሄ የፊውዳል ልማድ ነው። አብዮቱ ሽሮታል።"

ሳቁ ቀጥ አለ። ዕድሜዬን ሁሉ የሳሞን ቀልድ የገፋ ሞሲ አይቼ አላውቅም። እኔ አፈርኩለት።

"አባትህ አለ?" አለችው ኦዲል በዝግታ።

"አለ። ምን አገባሽ?"

"ዕድሜ ይስጠው። እኔን ባያውቅ ሳሞን ያውቃል።"

የሻምበሉ ሽማግሌ አባት ሞት በማግስቱ ተሰማ። ሴቶቹ ደነገጡ፤ ረግማው ይሆን እያሉ አዩዋት። "አሽከሬን ለምን እረግማለሁ? ማን ሊሠራልኝ?" አለችና ወደ ሽመናዋ ዞረች። ሌሊቱን ሙሉ ኳኳታው አላስተኛኝም።

ለቀብር የሻምበሉ አባት መንደር ሳፖኔ ስንደርስ ጓሮው በወታደር መኪና ተሞልቷል። ባለ ብዙ ኮከቦቹ ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ኦዲል በመሃላቸው ሾልካ፣ ሽርጧን ጠበቅ አድርጋ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደችና በጀርባዋ ተንጋለለች።

"ጠበበኝ! የእመቤታቸውን ቁመት ሳይለኩ ነው እንዴ የቆፈሩት?"

አንድ አጃቢ ወደፊት ሲራመድ የሟች ወንድም ከዘራውን ዘረጋበት። "ተው አንተ! መብቷ ነው።"

ሁሉም ወደ ሻምበሉ ዞረ። ፊውዳል ነው ቢል አባቱ ፀሐይ ላይ ሊቀር ነው። ፍራንክ አወጣ፤ ራሷን ነቀነቀች። ዶሮ አመጡ፤ ፊቷን አዞረች። በመጨረሻ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተንበርክኮ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ አጠገቡ ስለነበርኩ ሰማሁት።

"መጋዘኑን ውሰጂው። ብቻ ውጪልኝ።"

ቀና አለች። ያን ዓይነት ቁጣ ፊቷ ላይ አይቼ አላውቅም። "መጋዘን ልለምን አልመጣሁም። አሽከሬን ልቀብር ነው የመጣሁት! የመጋዘኑን ነገር በሥራ ቀን፣ በሥራ ቦታ እንነጋገራለን። አሁን አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እኔ ማነኝ?"

ሻምበሉ ጉንጩ ረጠበ። "እመቤቴ ነሽ።"

"አልሰማሁም፤ መሬት ውስጥ ነኝ።"

"እመቤቴ ነሽ!" ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ እያለቀሰ ሳቀ፤ ግቢው ሁሉ አብሮት ሳቀ። ኦዲል ከብብቷ አዲስ ነጭ ሸማ አውጥታ ጉድጓዱ ውስጥ አነጠፈችና፣ እጇን ይዘን አወጣናት። ሽማግሌው እዚያ ላይ አረፈ። እኔ ሞሲ ነኝ፤ ያን ቀን ግን በሳሞዋ ኮራሁ፣ አገሬም እንዲህ ያለ ሰው ስላላት ኮራሁ።

በሦስተኛው ቀን ዛካሪያ የሙዚቃ ዕቃውን ጭኖ መጋዘኑ በር ላይ ሲጠብቅ፣ ሻምበሉ ብቻውን በእግሩ መጣ። ጫማውን አወለቀ። ማሰሮ አንስቶ ከቧንቧው ውሃ ቀዳና ኦዲል ፊት በሁለት እጁ አቀረበ።

"አሽከርሽ ነኝ" አላት። ከዚያ ወደ ዛካሪያ ዞር ብሎ፣ "ሌላ ቦታ ጨፍሩ" አለው።

ብዙም ሳይቆይ ፕሬዚዳንቱን የገዛ ባልደረቦቹ ገደሉት። በቦታው የመጡትም ወታደሮች ነበሩ። አዋጁ ቀረ፤ ጸሐፊዎቹ መሳቢያቸውን አራገፉ፤ ገበያው ከባሕር ማዶ በመጣ ልባሽ ጨርቅ ተጥለቀለቀ። ኪንዳ ማዕረጉን ተገፎ ወደ ሳፖኔ ማሽላው ተመለሰ። ያኔ ብዙ ሸማኔ ዕቃውን ለማገዶ ፈለጠ። ኦዲል አልፈለጠችም። "ሰው በአዋጅ ነው እንዴ የሚለብሰው?" ትል ነበር። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለሙት ሸመነች፤ እኔም ሰፋሁ። የእነዚያ ሴቶች ልጆች በዚያ ሸማ ተማሩ።

አምና ሞተች። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሬሳው ሲቀርብ አንድ ሽማግሌ በከዘራ እየተደገፈ መጣ፤ ያላወቁት ወጣቶች ሊመልሱት ነበር። ከዘራውን ለእኔ ሰጠኝና እየተንፏቀቀ ወርዶ ተጋደመ።

"አትቀበርም!" አለ ሻምበል ኪንዳ ከታች። "ውሃ የቀዳሁበትን ሳትከፍለኝ የት ልትሄድ? ውሻ በላ!"

ሴቶቹ እያለቀሱ ሳቁ። ሁለቱ ወደ መጋዘኑ ሮጠው፣ ዕቃዋ ላይ ሳይጨረስ የቀረውን ሸማ ቆርጠው አመጡለት። ደረቱ ላይ አደረገው። እጄን ዘረጋሁለት።

"ሻምበል፣ ተነሣ እንጂ። ተከፈለህ እኮ።"

"ተከፍሎኛል" አለ፤ ግን አልተነሣም። "መሬቱ ቀዝቃዛ ነው። ትንሽ ላሙቅላት።"