ከቁጥሩ ጎን ያለች ነጥብ

ጋሽ ሊትር መቀመጥ አይሆንለትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሰው ግቢ እየገባ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ እግር፣ ጡረታ ወጥተሃል ቢሉት አይሰማም። ቅጽል ስሙንም ያወጣለት ያው ሥራው ነው። በልብስ ሰፊዋ ሱቅ ውስጥ ከበሩ እስከ መስታወቱ፣ ከመስታወቱ እስከ በሩ ይመላለሳል።

«ጋሼ፣ ወለሉን ጨረሱት እኮ!» አለችው ልብስ ሰፊዋ፣ መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች። «ወይ ይቀመጡ፣ ወይ መጥረጊያ ልስጥዎትና በዚያው ይጥረጉልኝ።»

«ፖሊሶቹ የማህደሩን ቅጂ መቼ ነው የሚሰጡሽ?»

«ስምንት ሰዓት ላይ ነይ ብለውኛል። አራት ዓመት ጠብቀው አንድ ሰዓት አቃተዎት?»

አዎ፣ አቃተው።

እነዚህ ሁለቱ ፖሊስ አይደሉም፣ ጠበቃም አይደሉም። ከአራት ዓመት በፊት ጋሽ ሊትር ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አየና «እነዚህን ልጆች አውቃቸዋለሁ፤ ቤታቸው የኔ መስመር ላይ ነበር» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱሪውም ተረሳ፣ ሰውየውም ከሱቁ አልወጣም። በፎቶው ላይ ያሉት የልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህትና ባሏ ሬዲዮ ጠጋኙ ናቸው። በተጋቡ በስምንተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ ቦርሳ አንግተው ሲወጡ አንድ ዳቦ ሻጭ አያቸው። ከዚያ ወዲህ ደብዛቸው የለም። አስራ አንድ ዓመት!

አከራዩ በሩን ሰብሮ የገባው ከዚያ ማክሰኞ ሁለት ወር ቆይቶ ነው። መርማሪ ተብዬው ነገሩን በአንድ ሳምንት ገላገለው። «ሁለቱን ወር ቤታቸው ውስጥ ነበሩ፤ ማስረጃ አለን። ከዚያ በፈቃዳቸው ለቀው ሄዱ» አለና ማህደሩን ዘጋ። ማስረጃው ምንድን ነው ብሎ የጠየቀውን ሁሉ እንደ ዝንብ እሽ አለው። ሁለት ሰው ጠፍቶ የአንድ ገጽ ወረቀት! ላም ቢጠፋ እንኳ ከዚህ የተሻለ ይፈለጋል።

ሁለቱ ፈላጊዎችም ያንን ቃል አምነው ነው የለፉት። የልብስ መቁረጫውን ቡናማ ወረቀት ግድግዳ ላይ ዘርግተው፣ ከማክሰኞዋ ጀምረው ቀኖቹን ጻፉበትና አከራዩ በሩን በሰበረበት ሳምንት ላይ በጠመኔ ወፍራም መስመር አሰመሩ። የአውቶቡስ ሾፌሩንም፣ የእንግዳ ማረፊያ ጠባቂውንም የጠየቁት ስለዚያ ሳምንት ነው። ያየ ሰው አልተገኘም።

ጓዳ ውስጥ የእህትማማቾቹ እናት አዝራር ይተክላሉ። ጋብቻውን «ሽቦ ለሚልስ ልጅ አልድርም» ብለው ተቃውመው፣ ከሠርጉም ቀርተው ነበር። በኋላ ልባቸው ራራና ብርድ ልብስ ገዝተው ሄዱ። አንኳኩ። ማንም አልከፈተም። በሳምንቱ ደገሙት፣ ከዚያም ሠለሱት። ሦስቱም ጊዜ በነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ ነበር። እንግዲህ መርማሪው «ቤት ውስጥ ነበሩ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ይታያችሁ። ልጅሽ የእጅሽን ድምፅ እያወቀች በር ዘጋችብሽ ማለቱ ነው። ሴትየዋ አስራ አንድ ዓመት የኖሩት ይህንን እየዋጡ ነው። ብርድ ልብሱም ከነላስቲኩ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል።

ልብስ ሰፊዋ ስምንት ሰዓት ላይ ወጥታ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅጂውን ይዛ ገባች፤ እያለከለከች።

«አያምኑም! ማስረጃው ምን እንደሆነ ይገምቱ።»

«ምንድን ነው?»

«የእርስዎ ሥራ ነዋ! የውሃ ንባብ። ሁለቱንም ወር ውሃ ቀድተዋል። ይኸው፣ ፊርማዎትም አለበት።»

ጋሽ ሊትር መነጽሩን አደረገ። የእጅ ጽሕፈቱን ሲያይ አወቀው። የመጀመሪያው ወር ንባብ፣ ከጎኑ አንዲት ትንሽ ነጥብ። የሁለተኛው ወር ንባብ፣ ከጎኑ ነጥብ።

ያቺን ነጥብ መሥሪያ ቤቱ አያውቃትም። የእሱ ናት። ግቢው ተቆልፎ ሲያገኝ፣ ወይ ፀሐይ አናቱን ሲበሳው፣ ያለፈውን ወር ያህል ደምሮ ከጭንቅላቱ ቁጥር ይጽፋል። እንዳይረሳው ነጥብ ያደርግበታል። ሁሉም አንባቢ የየራሱ ምልክት ነበረው። ደግሞስ ማን ይጎዳል? በኋላ አዲስ ተከራይ ይገባል፣ ቆጣሪው ይዞራል፣ ግምቱም ይስተካከላል። እንዲህ እያለ ነው ሠላሳ ዓመት የበላው።

«ምነው ጋሼ? ፊትዎ አመድ መሰለ።»

«ትንሽ አየር... መጣሁ።»

ወጣ። ሱቁን ዞረ፣ የመኪና ጎማ መሸጫውን ዞረ፣ እንደገና ሱቁን ዞረ። ነጥቧን ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ዝም ቢል ዝም ነው። ነገም መጥቶ ይመላለሳል፣ «ጋሼ» ትለዋለች፣ ሱሪውንም አንድ ቀን ታሳጥርለታለች። በሦስተኛው ዙር የጓዳው መስኮት ጋ ሲደርስ እናትየውን አያቸው፤ ክሩን መርፌ ውስጥ ለማስገባት አምስት ጊዜ ሞከሩ፣ አምስት ጊዜ ሳቱ። ከዚያ በላይ መዞር አልቻለም።

ገብቶ ቆመ። «ውሸት ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ቁጥሩ። በሩ ተቆልፎ ነበር። አላየሁትም። ከራሴ ነው የጻፍኩት፤ ሁለቱንም ወር።»

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ የሳቀች መሰለች። ከዚያ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ራቅ አደረገችው።

«አራት ዓመት!» አለች። «አራት ዓመት አብረውኝ ሲፈልጉ... ሲፈልጉ የነበረው የራስዎን ውሸት ነው?»

«አላወቅሁም ልጄ፤ ስንቱን ቤት...»

«ልጄ አይበሉኝ!»

ወደ ግድግዳው ሄዳ ወፍራሙን መስመር በመዳፏ ጠረገችው። ጠመኔ አነሳችና ማክሰኞዋ ላይ አዲስ መስመር ስታሰምር ጠመኔው እጇ ላይ ተሰበረ። «ዳቦ ሻጩ እውነቱን ነበር። የዚያን ዕለት ወጡ፣ አልተመለሱም። እኛ ደግሞ ስለዚያ ቀን አንድም ሾፌር አልጠየቅንም።»

«ማነው የሚጮኸው?» እናትየው ከጓዳ ብቅ አሉ።

«ይንገሯት» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እኔ አልነግርልዎትም።»

ነገራቸው። ምንም ሳያሳምር፣ ስለ ፀሐዩም ሳያነሳ።

እናትየው በእጃቸው የያዙትን መርፌ ነጠላቸው ላይ ሰኩ። «እኔ ያንኳኳሁት ባዶ ቤት ነው?»

«አዎ እትዬ።»

«ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ሰምቼ ነበር እኮ። ኮቴ የለም፣ ሳል የለም። ቤት ነበሩ ሲሉኝ ጆሮዬን ከሰስኩት። አልዘጋችብኝም። ልጄ በር አልዘጋችብኝም።» ወዲያው ግን የቀረው ገባቸውና ግድግዳውን ያዙ፤ ያኔ ቤት ውስጥ ካልነበረች የት ነበረች?

«እትዬ፣ ይቅር...»

«ይቅርታህን ያዘው። ጫማዬን አምጪልኝ አንቺ።»

ጣቢያው ቅርብ ነው። ተረኛው ወጣት ፖሊስ ነገሩን ሰምቶ ሰዓቱን አየ። «እማማ፣ የአስራ አንድ ዓመት ነገር ነው። ነገ ጠዋት ብትመጡ...»

«ነገ አንመጣም» አሉ እናትየው፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው። «ቃሉን ተቀበለው።»

«ማነው ቃል ሰጪው?»

ጋሽ ሊትር ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ወንበር ሳቡለት፤ አልተቀመጠም። «ቆጣሪ አንባቢ ነበርኩ። በሩን አላስከፈትኩም። ቁጥሩን ከራሴ ጻፍኩት» አለ። ፖሊሱ እስክሪብቶ ሲፈልግ ልብስ ሰፊዋ ከቦርሳዋ አወጣችና ሰጠችው፤ ሽማግሌውን አላየችውም።

«ቀስ እያልክ ተናገር» አሉ እናትየው። «አንድም ቃል እንዳያመልጠው።»