እንሰት ሆነን የተሰለፍንበት ቀን

ባለፈው ሰሞን ለታናሽ እህቴ ለነኢማ ሠርግ ቡታጅራ መናኸሪያ ወርጄ ሻንጣዬን ስጎትት፣ የተራ አስከባሪው ፊሽካ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ክው ብዬ ቆምኩ፤ ወዲያው ሳቄ መጣ። በፊሽካ ድምፅ ስንት ጊዜ ተበልቻለሁ! ቲቸር ሸምሱ ከነደበዘዘው ቱታቸው ፊቴ ድቅን አሉ።

ቲቸር ሸምሱ ጂኦግራፊና ስፖርት ደርበው ያስተምሩን ነበር፤ ሁለቱን መለየት ግን አይሆንላቸውም። ስለ ወንዝ ሲያስተምሩ ያስሮጡናል፣ ሲያስሮጡን ስለ ወንዝ ይጠይቁናል። ዘመኑ የፕላዝማ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሆነን ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ሲንቆረቆር አፋችንን ከፍተን እናየዋለን። አንድ ቀን የምድርን ሥዕል አሳይቶ፣ የሰው ልጅ በዓመት የሚፈጀው ምድር በዓመት ከምትተካው በለጠ እያለ ሳለ መብራት ድርግም አለ። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ቲቸር ሸምሱ ፊሽካቸውን መዘዙ።

"ውጡ! ሜዳ ላይ እንጨርሰዋለን!"

በረድፍ በረድፍ አቆሙንና "እናንተ እንሰት ናችሁ" አሉን። ማብራራት አላስፈለጋቸውም፤ የሁላችንም ጓሮ እንዲያ ነው። ችግኙ ከኋላ፣ የደረሰው ከፊት። የደረሰው ሲቆረጥ የቀረው ይጠጋል፣ ከኋላ ደግሞ አዲስ ይተከላል። ፊሽካ ሲነፋ የፊተኛው ረድፍ "ይበላል"፤ የተበላ ሜዳው ዳር ያለው ዋርካ ሥር ሄዶ እሳቸው ያስገዙትን ሸንኮራ ይግጣል። ከሌላ ክፍል የመጡ ልጆች ከኋላ ችግኝ ሆነው ይገባሉ። "ድግስ!" ከተባለ ግን ሁለት ረድፍ ይሄዳል፤ የሚገባው ያው አንድ ነው።

አላህ ያሳያችሁ፣ ሸንኮራ እያለ ማን ቆሞ ይቀራል? "ድግስ! ድግስ!" እያልን አበድን። እሳቸውም ለቀቁልን። "ሠርግ!" ፊሽካ። "አረፋ!" ፊሽካ። በደስታ እየተጋፋን ተበላን። ሸንኮራችንን እየጋጥን ቀና ስንል ሜዳው ላይ የቀሩት ገና አሁን የገቡት ችግኞች ብቻ ነበሩ።

"ነገስ?" አሉ ቲቸር ሸምሱ። ወደ ችግኞቹ ጠቆሙ።

በዚያው ሰሞን አባቴ ከሚነግድበት ከአዲስ አበባ "ዘንድሮ ለአረፋ ብዙ እንግዳ ይዤ እመጣለሁ" ብሎ ላከ። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ እስኪብላላ ወራት ይፈልጋልና እናቴ ጎረቤቶቿን ቀደም ብላ ለደቦ ጠራች። ከትምህርት ቤት ስመለስ የደረሰው ረድፍ ወድቋል፤ ጓሮው እርጥብ እርጥብ ይሸታል። እናቴ ደግሞ ቢላዋዋን ይዛ ወደ ሁለተኛው ረድፍ እየሄደች ነው።

"እማ፣ እነዚህ እኮ የከርሞ ናቸው!"

"እንግዳዬ ሳይጠግብ ሄደ ከሚባል ወላሂ ሞቴን እመርጣለሁ" አለች።

ከርሞ ምን ልንበላ ነው? ሌላ መላ ስላጣሁ "ኑ እንጫወት!" ብዬ የቲቸር ሸምሱን ጨዋታ ነገርኳቸው። ለደቦ የመጡት ሴቶች እንሰት ከመፋቅ ማረፊያ አገኙና ሳያንገራግሩ ደጃፍ ሣሩ ላይ ተሰለፉ። ትንሿን ነኢማን ከኋላ ችግኝ አደረግኳት። ጠሪዋ እናቴ ሆነች። አቤት ድምቀቱ! "አረፋ!" ስትል ረድፉ እየተሳሳቀ ይበተናል። "የልጄ ሠርግ!" ስትል ወፍራሟ ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ "ብሉኝ! ብሉኝ!" እያለች ትሮጣለች። እናቴ እንባ እስኪወጣት እየሳቀች ድግስ በድግስ ላይ ጠራች። እንደ ቲቸር ሸምሱ "ነገስ?" ልል አፌን ስከፍት፣ ሣሩ ላይ ብቻዋን የቀረችው ነኢማ ቀደመችኝ።

"እማ፣ እኔን አትብዪኝ!" ብላ አለቀሰች።

ሳቁ ቆመ። እናቴ ቢላዋውን ለእትዬ ከድጃ ሰጥታ ነኢማን አቀፈቻት። "ለአባታችሁ ላኩለት፤ ዳቦና ሩዝ ይዞ ይምጣ። ሁለተኛው ረድፍ አይነካም።"

ለአረፋ ከአባቴ ጋር የመጣው አጎቴ ቆጮው ሲያልቅበት "ዳቦማ አዲስ አበባም አለ" ብሎ አጉረመረመ። እናቴ "ቆጮ ካማረህ ከርሞ ተመለስ" አለችው። በከርሞው ተመለሰ፤ ቆጮውም ጠበቀው።

የነኢማን ነገር ለቲቸር ሸምሱ ስነግራቸው ደስ ብሏቸው በትምህርት መሀል ፊሽካቸውን ነፍተው ክፍሉን በጠበጡት። በዓመቱ ወደ ወልቂጤ ተዛወሩ፤ ዳግም አላየኋቸውም። እንዴት እንደምወዳቸው!

ለሠርጉ ቤት ስደርስ ጓሮ ገባሁ። የወደቀው የፊተኛው ረድፍ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ እስከ ኋላ ድረስ በየቦታቸው ቆመዋል። ነኢማ ጥግ ላይ ቁጢጥ ብላ፣ እጇ ላይ ሂናው ገና ሳይደርቅ፣ ለአዲሱ ጓሮዋ የምትወስደውን ችግኝ ትመርጣለች።

"ያኔ ስንጫወት የትኛው ረድፍ ላይ ቆመሽ እንደነበር ታስታውሻለሽ?" አልኳት።

"መጨረሻው ላይ" አለች እየሳቀች። ከዚያም ችግኞቿን በኮባ ጠቅልላ አቀፈቻቸው።