ከጎራዴው ላይ ያጠፋሁት ስም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። በቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ ስለ መጠጤና ስለ ቁጣዬ መስክሬ፣ አልቅሼ፣ ሰውም አስለቅሼ አውቃለሁ፤ ይህችን ግን ዘልያት ነው የመሰከርኩት። አሁን የምነግርህ አንተ ስለ ጠየቅኸኝ ነው፤ የጠየቅኸኝ ደግሞ ይህን አልነበረም።

ከሺንሺቾ ደወልክና፣ አዲሎ አንድ ነጋዴ ዘንድ የጃፓን ጎራዴ አየሁ፣ አሮጌ ነው ይለኛል፣ ስገዛ የመጀመሪያዬ ነው፣ ምን ምኑን ልይ አልኸኝ። ሆሳዕና ውስጥ ብረት የሚያውቅ ማን ነው ብለህ ስትጠይቅ የኔን ስም ሰጡህ። እኔም ደስ ብሎኝ ምክሬን ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው መስመር "እጀታውን አስወልቀህ ውስጡን እይ" የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ እጄ አልሄድ አለኝ። እኔ ማን ሆኜ ነው ይህን የምመክረው?

ቢሆንም ምክሩ አይቅርብህ። አትቸኩል፤ በሚያብረቀርቅ ነገርም አትታለል። ስለቱን በጣትህ አትንካ፤ የእጅ ላብ ብረት ይበላል። መስኮት አጠገብ ወስደህ አዘንብለህ ብታየው፣ ከስለቱ ጎን እንደ ጉም ጠርዝ ነጣ ያለ መስመር ሲሄድ ታያለህ፤ ብረቱ በእሳትና በውሃ ሲጠነክር የቀረ ነው። አስመስለው የሚሠሩትም ስላሉ በሱ ብቻ አትፍረድ። ስለቱ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካገኘህ ተወው። ከዚያ እጀታውን የያዘችውን ትንሽ የቀርከሃ ችንካር ገፍቶ እንዲያወጣልህ ባለቤቱን ለምነው። እምቢ ካለህ አትግዛ። እሺ ካለህ በእጀታው ውስጥ የሚደበቀውን የብረቱን ጭራ ታያለህ። ጥቁር ዝገት ለብሶ ካገኘኸው ደስ ይበልህ፤ ዕድሜውን የሚመሰክርልህ ያ ዝገት ነው። የሠራው ሰው ስሙን የሚቀርጸውም እዚያ ነው። ስም የሌለው ጥሩ ጎራዴ አለ፤ የውሸት ስም የተቀረጸበትም አለ፤ ስለዚህ ከስሙ በፊት ብረቱን እይ። ያን ዝገት ግን ማንም እንዳይነካው። በብርጭቆ ወረቀት ቢሆን፣ በብሩሽ ቢሆን፣ ማንም እንዳይነካው።

ይህን ያወቅኩት እኔ ራሴ ነክቼው ነው።

የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። ዛሬ "የብረታ ብረት ባለሙያ" ይባላል፣ ሱቄ በር ላይም እንደዚያ ተጽፏል። በአባቴ ጊዜ ግን ቀጥቃጭ ነበር፤ ቃሉም ስድብ ነበር። ማረሻውንና ቢላውን ከአባቴ እጅ የሚቀበል ሰው ከአባቴ ጋር በአንድ ገበታ አይቀርብም። ቤታችን ገብተው እናቴ የሠራችውን አታካና፣ ያን በቅቤ የራሰ ቡላ፣ ከአባቴ ጋር ከአንድ ሳህን የበሉ የመጀመሪያው ሰው ሃምሳ አለቃ ላምቦሬ ነበሩ። የሌሞ ገበሬ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ኮሪያ ዘምተው ተመልሰዋል። ለምን ከቀጥቃጭ ጋር ትበላለህ ሲሏቸው መልሳቸው አንድ ነበር፤ "ጃፓን አገር ቀጥቃጭ ስሙን በብረቱ ላይ ይጽፋል፤ ትልቅ ሰው ለዚያ ስም ጎንበስ ይላል። እናንተ ማን ስለሆናችሁ ነው?"

ከኮሪያ ለዕረፍት ጃፓን በተላኩ ጊዜ አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ የራሱን ጎራዴ በእጅ ሰዓታቸው ለውጧቸው ነበር። ሽማግሌው ከመስጠቱ በፊት እጀታውን አውልቆ፣ ጽሑፉን በጣቱ እየተከተለ አነበበላቸው፤ ከዚያም ለጽሑፉ ጎንበስ አለ። የተነበበላቸውን ስም ረስተውታል። የሽማግሌውን ማጎንበስ ግን እስኪያረጁ ድረስ ተነሥተው እያጎነበሱ ያሳዩን ነበር። የዘማችነት ወረቀታቸውና ሜዳልያቸው ጎጆአቸው ሲቃጠል ጠፍቷል። ኮሪያ ስለ መሄዳቸው የቀረላቸው ነገር ያ ጎራዴና በላዩ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነበር።

አርጅተው ሰውነታቸው ሲደክም ለጎራዴው አሰቡ። ከሞትኩ በኋላ ልጆቼ እንሰት ይቆርጡበታል ብለው ፈሩ። በዚያን ጊዜ በከተማችን የሚሠራ አንድ ወጣት ዶክተር ጎራዴውን ከእሳቸው ሊገዛ ፈለገ። እሱም እንዳንተ ጀማሪ ነበር፤ ግን ስለ ጎራዴ አንብቦ ነበር። ጽሑፉን ወረቀት ላይ ገልብጬ ጃፓንኛ ለሚያነብ ሰው እልካለሁ፣ ስሙንም አስነግርዎታለሁ ብሎ ቃል ገባላቸው። ሃምሳ አለቃ ደስታቸው ይህ ነበር። ከመሞታቸው በፊት ያን የረሱትን ስም ዳግመኛ ሊሰሙ ነው።

የዘመን መለወጫ በዓላችን ያሆዴ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከሌሞ በጋሪ ተጭነው ጎራዴውን አመጡልኝ። "ስለቱን በዘይት ብቻ ጥረግልኝ፣ ጴጥሮስ። እጀታውን ተወው፤ እዚያ ስም አለ።" እንዲህ ነው ያሉኝ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

ያሆዴ ሲደርስ እኛ ጋ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። አሮጌ ነገር ሁሉ ይታደሳል፤ ቤቱ ይለቀለቃል፣ ዕቃው ይታጠባል፣ ለቅርጫው በሬ የሚሆነው ቢላ ሁሉ ተሰብስቦ እኔ ጋ ይመጣል። በዚያ ሳምንት ዝገት ያለበት ብረት ከሱቄ ቢወጣ ነውሩ የኔ ነው። ስለቱን በዘይት ጠረግኩ፤ እንዳሉኝ አደረግኩ። ከዚያ እጀታውን አወለቅኩ። ለምን? ማንም አላዘዘኝም። ልየው ብዬ ነው፤ ሳየው ደግሞ ያ ጥቁር ዝገት አስጠላኝ። ዶክተሩ እዚህ ከፍቶ ቢያይ፣ ጴጥሮስ ግማሹን ሠርቶ ግማሹን ተወው ይላል ብዬ አሰብኩ። ሞርሳ ላይ አሰርኩት። ግራይንደሩን አነሣሁ።

ለብዙ ዓመት ለራሴ "አላየሁትም" ስል ኖርኩ። አይቻለሁ። ዝገቱ ሲነሣ ከሥሩ ጭረቶች ብቅ አሉ፤ ተሰልፈው ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ነበሩ። አምስት ይሁኑ ስድስት አላውቅም። የሰው እጅ እንደቀረጻቸው አውቄያለሁ፤ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ፣ የመሮ ምልክት እንዴት አላውቅም? ማሽኑን አጥፍቼ ቆምኩ። አንደኛው ጎን ነጥቷል፣ ሌላው ጥቁር ነው፤ የጭረቶቹም ጭንቅላት ተበልቷል። በዚያች ደቂቃ ባቆም ግማሹ ስም ይተርፍ ነበር። ግን ግማሽ ስም ከተረፈ ግማሹን ማን አጠፋው ይባላል፤ ምንም ካልቀረ የሚጠየቅ የለም። ይህን አስቤ ነው ማሽኑን መልሼ ያስነሣሁት። ስህተት አትበለኝ። መጀመሪያው ስህተት ነበር፤ ሁለተኛው ግን ስህተት አይደለም።

በማግስቱ ዶክተሩና ሃምሳ አለቃ አብረው መጡ። ዶክተሩ ጽሑፉን ሊገለብጥበት ወረቀትና እርሳስ ይዟል። ሃምሳ አለቃ ካፖርታቸውን ለብሰዋል። ችንካሯን ራሳቸው ገፍተው አወጡ፣ እጀታውን ሳቡት፤ ጭራው እንደ አዲስ ማንኪያ አብረቀረቀ።

"ይኸው እዚህ ነው፣ ከችንካሯ ቀዳዳ በታች" አሉ ገና ሳያዩት። ከዚያ አዩት። አገላበጡት። በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት። ቀና ብለው አዩኝ። "ጴጥሮስ፣ እዚህ ጽሑፍ ነበረ፤ አይደል?"

ዓይኔን በጨው አጥቤ "ኧረ የለም፣ ሃምሳ አለቃ። ዝገት ብቻ ነው የነበረው" አልኩ።

እዚያ ላይ ባቆም እንኳ! የዶክተሩን ፊት አየሁና ጥርጣሬው ወደኔ እንዳይዞር ፈራሁ። ስለዚህ ፈገግ ብዬ፣ "ዶክተር፣ ለጀማሪ አንድ ምክር ልስጥዎት፤ ወሬ አይግዙ፣ ብረት ይግዙ" አልኩት። ምክሩ እውነት ነው፤ ለአንተም ቢሆን ይጠቅምሃል። እኔ ግን በዚያች እውነት አንድ ሽማግሌን ውሸታም አደረግኩባት። ዶክተሩ በትሕትና ሳቀ። ሃምሳ አለቃ አልተቆጡም። "እንግዲህ ዓይኔ ይሆናላ" አሉና እጀታውን መለሱ፤ ችንካሯን እኔ መልሼ ገፋሁላቸው።

ዶክተሩ ጎራዴውን አልገዛም። ወሬው ግን ከተማውን ዞሮ ሌሞ ደረሰ። ባለ ጋሪዎቹ "ሃምሳ አለቃ፣ ጎራዴው ከመርካቶ ነው አሉ" እያሉ ይቀልዱባቸው ጀመር። ጎራዴው ውሸት ከሆነ ኮሪያስ ማን አየ የሚል መጣ። ሃምሳ አለቃ ከዚያ በኋላ ስለ ኮሪያ ሲያወሩ አልተሰሙም። ያን ማጎንበስም ዳግመኛ አላሳዩንም።

ይህ ሁሉ አልበቃኝም። የሚቀጥለውን ለመናገር ከሁሉ ይልቅ ይከብደኛል። እኛ ጋ ቂም ይዞ ያሆዴን መሻገር የለም፤ የተጣላ ሁሉ ከበዓሉ በፊት ይታረቃል። በዋዜማው የሃምሳ አለቃ ልጅ ማርታ ወደ ሱቄ መጣች። አስተማሪ ናት፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የምንሄደው። በሩ ላይ ቆማ አንገቷን ደፍታ፣ "ወንድም ጴጥሮስ፣ አባባ አርጅተዋል፤ የሚናገሩትን አያውቁም። በዶክተሩ ፊት አስጨነቁህ። ቂም ይዘህ በዓሉን እንዳትሻገር፣ ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በላቸው" አለችኝ።

እኔም "ይቅር ብያለሁ" አልኳት።

ሰማኸኝ? ስማቸውን አጥፍቼ፣ አዋርጄ፣ ከዚያ ይቅር አልኳቸው። እጇን ዘርግታ ጨበጠችኝና አመሰገነችኝ። እኔም ያን በዓል በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ጨፈርኩ።

ሃምሳ አለቃ የሚቀጥለውን ያሆዴ አላዩም። በቀብራቸው ቀን የሕይወት ታሪካቸውን የጻፈችውም ያነበበችውም ማርታ ናት። ታታሪ ገበሬ፣ የልጆች አባት፣ የተጣላ አስታራቂ አለች። ኮሪያ የሚል ቃል አልነበረበትም። ሰው እንዳይስቅባቸው ብላ ነው የተወችው፤ ገባኝ። ከሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ቆሜ ነበር። አፌን ከፍቼ አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም። አባቴን ሰው ያደረጉ ሰው ባዶ ታሪክ ተነብቦላቸው አፈር ለበሱ፤ እኔም አፈር ከመለሱት አንዱ ነበርኩ።

ያ ስም የማን ነበር? ይህን ማንም ከእንግዲህ አያውቀውም። ምናልባት አባቱን ጎረቤት የናቀው ሰው ሊሆን ይችላል። መሮውን ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት ብሎ የጻፈውን፣ ስንት ሰው ተቀባብሎ ያቆየውን፣ የቀጥቃጭ ልጅ በሩብ ሰዓት ፈጨሁት።

እንግዲህ አዲሎ ሄደህ እጀታውን ስታስወልቅ ጭራው ነጭ ሆኖ ብታገኘው፣ አትግዛው፤ ዋጋውን አጥቷል። ነጋዴውን ግን ውሸታም አትበለው። ማን እንዳጸዳው ጠይቀው። አንድ ጎራዴ ነጭ የሆነው በኔ እጅ እንደሆነ አሁን ታውቃለህ።

ምክሬ ቢዘገይብህ ቅር አይበልህ፤ ይህን ወረቀት ካንተ በፊት የምታነበው ማርታ ናት። ነገ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በእጇ እሰጣታለሁ። አንብባ እስክትጨርስ ከፊቷ አልሄድም። ይቅር በይኝ አልላትም። ያ ቃል ከሰው አፍ እንዴት በቀላሉ እንደሚወጣ እኔ አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምናታለሁ፤ ያን የሕይወት ታሪክ እንደገና እንድትጽፈው። ከጻፈችው በቤተ ክርስቲያናችን ሰው ፊት ቆሜ የማነበው እኔ ነኝ፤ ኮሪያ የሚለው ጋ ስደርስም እንዳሳዩን አድርጌ ጎንበስ እላለሁ።