ልጄ ሲጋራ ለማቆም የታገለችበት ቅዳሜ

ልጄ ኮሌጅ በገባች በሁለተኛው ዓመት ሲጋራ ላቁም ብላ ተነሳች። ማጨሷን የነገረችኝም ያን ሳምንት ነው። «ማሚ፣ መጀመሪያ ከላይብረሪ ለእረፍት ስንወጣ ብቻ ነበር የማጨሰው። አሁን ለማጨስ ነው የምወጣው» አለችኝ። መቆጣቱ ጠፋኝ። አንድ ነገር ብቻ አስማለችኝ፦ ቸርች ማንም እንዳይሰማ።

እኔ ደግሞ ሲጨንቀኝ የማውቀው መድኃኒት አንድ ነው። ቅዳሜ ጋምለ ኦስሎ የሚባለው ሰፈር ወዳለው ቸርቻችን ለጾም ጸሎት ይዣት ሄድኩ፤ ሰው መሀል ስትሆን ትረሳዋለች ብዬ።

የት ትረሳለች! ጉልበቷ ወንበሩን ያርገፈግፈዋል፣ ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ፣ ላብ በላብ ሆናለች። አጠገባችን የነበሩ አንዲት ትልቅ እህት አይተዋት ብድግ አሉ።

«ሃሌሉያ! መንፈስ ቅዱስ እየነካት ነው! ኑ፣ እጅ ጫኑባት!»

ባንዴ ተከበብን። አንዱ ትከሻዋን፣ አንዷ ራሷን ይዘው ይጸልዩ ጀመር። በተንቀጠቀጠች ቁጥር ድምፃቸው ይጨምራል፤ ድምፃቸው በጨመረ ቁጥር እሷ ይብስባታል። ልናገር? ምዬላታለሁ። ዝም ልበል? ልጄ መተንፈስ አቅቷታል።

«ማሚ፣ አውጪኝ» አለች ጥርሷን ነክሳ።

በዚያ ሁሉ ክንድ መሀል ጎትቼ አወጣኋት። «እንዴ፣ አሁን ይቋረጣል?» አሉኝ እኚያ እህት ከኋላዬ።

ውጭ ዝናብ ነው። ከመንገዱ ማዶ ኪዮስክ አለ፤ ሁለታችንም አየነው።

«ቲባነ እንግባ» አለች፣ የከተማውን ባቡር። «ባቡር ውስጥ አይጨስም።»

ሰፈራችን ስቶቭነር ደረስን፤ በሩ ተከፈተ። «ኔይ፣ አልወርድም። ከወረድኩ እገዛለሁ።» እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሄድን፤ ባቡሩ ሲመለስ አብረን ተመለስን። እሷ ወዲያ ወዲህ ትንጎራደዳለች።

«ቁጭ በይ እንጂ፣ ሰው ያይሻል።»

«ይዩኛ! እነዚህ እንኳን እጅ አይጭኑብኝም።»

ሳቅ አመለጠኝ። ይህን ጊዜ ስልኬ ጮኸ፤ እኚያ እህት ናቸው። «ልጅቷ እንዴት ሆነች? ምን ተገለጠላት?»

ድምፃቸው ለልጄም ይሰማል፤ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ሲጋራ እያቆምኩ ነው። የቅድሙ መንቀጥቀጥ እሱ ነው። ጸልዪልኝ» አለቻቸው፤ እኚያን ትልቅ ሴት አንቺ እያለች።

እኔም ጆሮዬን ወደ ስልኩ አስጠጋሁ።

«አሁን የት ናችሁ?» አሉ።

«ባቡር ላይ። ከወረድኩ እገዛለሁ።»

«በሉ እንዳትወርዱ፤ መጣሁ። የቱ ጣቢያ ልጠብቃችሁ?»