«ደረስህ?»

ወልድያ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ዛሬ ትምህርቱ ንግግር የማያበዙ ሰዎች የሚገለጹባቸው ቃላት ነበር፤ «ኳየት» ዝምተኛ፣ «ሪዘርቭድ» ቁጥብ እያልሁ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። እንደየዓመቱ ለምሳሌነት መርሳ ከተማ ያሳደጉኝን አጎቴን አነሳሁ።

እሑድ እሑድ ጠይቄያቸው ስመለስ፣ ገና ከመኪና ሳልወርድ ይደውሉ ነበር።

«ደረስህ?»

«ደረስሁ፣ ጋሼ።»

«በል።» ይዘጉታል። አንዴ ምነው ትንሽ ብናወራ ብላቸው፣ «ከደረስህ ሌላ ምን አለ?» አሉኝ።

ባለፈው እሑድ ከአርባቸው ስመለስ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እስኪበተን መናኸሪያው ውስጥ ስልኬን ይዤ ቆምሁ።

ዛሬ አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ አጎትህ ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ናቸው?» አለችኝ።

ደክሞኝ ነበር። «መድረሴን የሚጠይቁኝ ሰው ነበሩ» አልኋት።

እስክሪብቶዋን አነሳች። «እሱስ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?»

አላውቀውም አልኋት።