አያ መኩሪያ ያላዩት የባሕር አዙሪት

ልጅ ሳለሁ ጥቅምት መግባቱን የማውቀው በማስነጠስ ነበር። የቡሬ በርበሬ ከየማሳው ገብቶ በየግቢው ሲሰጣ ከተማው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ይውላል፤ እኛ የሠፈር ልጆች ደግሞ ማታ ማታ እትዬ ስንዱ ቤት ተሰብስበን የደረቀውን ዛላ እንቀነጥስ ነበር። እትዬ ስንዱ በርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ቤታቸው ሰፊ፣ ንግግራቸው ቁጥብ፣ ዓይናቸው ግን ምንም የማያልፈው ሴት ነበሩ። የቅንጠሳው ዋጋችን ከረመጥ ውስጥ የሚወጣ ድንችና ተረት ነበር። ያኔ መብራት ከሚመጣበት ቀን የሚሄድበት ይበዛ ስለነበር ኩራዝ ተለኩሶ ማዕዘን ላይ ይቀመጣል፣ የማንደጃው ፍም የሁላችንንም ፊት ያቀላል፣ ጭሱና የበርበሬው ሽታ አንድ ላይ ጉሮሯችንን ሲከረክረን እያሳልን እንኳ «እሺ፣ ከዚያስ?» ማለታችንን አንተውም ነበር።

ተረት ነጋሪዎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ጎረቤታችን አያ ደሴ ናቸው፤ በጎረምሳነታቸው ነብር ገድለዋል። ነብራቸው በመጀመሪያው ማታ ግልገል ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላው የጥጃ ቁመት ደረሰ፤ ኅዳር ሲገባ በሬ አከለ። ማንንም አልከፋውም፤ አያ ደሴ ሲያወሩ እሳቱም የሚሞቅ ይመስላል።

ሁለተኛው የአያቴ ታናሽ ወንድም አያ መኩሪያ ነበሩ። በወጣትነታቸው ባሕር ኃይል ገብተው ምጽዋ ኖረዋል፤ መንግሥት ሲለወጥ ተመልሰው እኛ ግቢ ባለችው አንዲት ክፍል ተቀመጡ። ትዳር አልያዙም። ተረታቸው ጅብም ዘንዶም የለበትም፤ «ባሕር ውስጥ የሚዞር ባሕር አለ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ይህ አዙሪት ከቡሬ ተነሥቶ ፍኖተ ሰላምን አልፎ ደምበጫ ድረስ ይሰፋል፤ አንዴ ለመዞር ቀናት ይፈጅበታል፤ እየዞረም ወራት ሙሉ ይጓዛል፣ የያዘውን ውሃ እንደያዘ፣ ገና የተፈለፈሉትን ዓሦች ልጅ በአንቀልባ እንዳዘለች እናት ተሸክሞ ሩቅ አገር ያደርሳቸዋል።

«ባሕርም እንደ ማሳ ፍግ ይወዳል» ይሉን ነበር። የሞተው ሁሉ ወደ ጥልቁ ስለሚሰጥም ፍጉ ያለው ታች ነው፣ ፀሐይዋ ያለችው ላይ፤ ሁለቱ እስካልተገናኙ ድረስ ባሕሩ ሰማያዊና ባዶ ሆኖ ይኖራል። አዙሪቱ ሲመጣ ቀዝቃዛውን ውሃ ከነፍጉ ከታች ይስበዋል። ያኔ ዓይን የማያየው ደቃቅ ቡቃያ ይበቅልና ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፤ ትንሹ ዓሣ ለመብል ይመጣል፣ ትልቁ ትንሹን ተከትሎ ይመጣል፣ ከላይ ወፉ ይወርዳል። ሁሉም አዙሪት ግን እንዲህ ለጋስ አይደለም። በተቃራኒው የሚዞር አለ፤ መሐሉ በጥቂቱ ጉብ ይላል፣ ሞቃቱን ውሃ ወደ ታች ይጫነዋል፣ ሲያዩት ጥርት ያለ ነው፣ የሚበላ ነገር ግን አይገኝበትም። ለጋሱ መሐሉ ጎድጎድ ያለው ነው። «እንደ ሰው ነው፤ የተነፋው ባዶ ነው» ሲሉ እኛ ወደ አያ ደሴ እያየን እንስቅ ነበር። አያ ደሴም አብረውን ይስቁ ነበር፤ ለምን እንደምንስቅ ግን ያወቁ አይመስለኝም።

አንድ ማታ በሳፋ ውሃ አስመጥተው በማንኪያ አዞሩትና የበርበሬ ፍሬ በተኑበት። መሐሉ ጎደጎደ፤ ፍሬው እየዞረ ወደ መሐል ተሰበሰበ። ሁላችንም ሳፋው ላይ አጎነበስን። እኔ ያን ሌሊት ደምበጫ የሚያህል ሳፋ በሕልሜ አየሁ።

ትልልቆቹ ሰዎች ግን አላመኑም። «ባሕር ላላየ ሰው ምን የማይነገር አለ» ይሉ ነበር። ይህ ለአያ መኩሪያ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ምክንያቱም እትዬ ስንዱን ሊያገቡ ፈልገዋል። እናቴን አማላጅ አድርገው ልከዋት ኖሮ፣ እትዬ ስንዱ ለእናቴ የሰጧትን መልስ በሩ ጥግ ቆሜ ሰማሁት።

«ሰውዬው ደግ ናቸው፤ አልዋሽሽም፣ ደስ ይሉኛል» አሉ። «ይኸ የሚዞር ባሕር የሚሉት ነገር ግን አላማረኝም። ከዋሾ ጋር አንድ ዕድሜ ኖሬያለሁ፤ የቀረኝን አልጨምርለትም።»

«ዋሾስ አይደሉም፣ እትዬ» አለች እናቴ።

«እስቲ እናያለን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

አያ መኩሪያ ብቻቸውን እራት ሲበሉ ማየት አልወድም ነበር፤ እትዬ ስንዱም ሲያገቡ እንዴት እንደሚያምርባቸው በሐሳቤ ጨርሼ ነበር። ለጓደኛዬ ለትዕግሥት ነገርኳትና ሁለታችን መላ መታን። በእኛ አስተያየት የተረቱ ችግር ማነሱ ነበር! የአያ ደሴን ነብር ማን ጠላው? ስለዚህ አያ መኩሪያን ደጃቸው ላይ ከበን «አዙሪቱ መሐል ዘንዶ ይኑርበት፤ ሰባት ራስ ያለው» አልናቸው።

«ዘንዶ?» አሉ እየሳቁ። «ማን ያበላዋል?»

«ዓሣ ሞልቶ የለ!» አለች ትዕግሥት።

ራሳችንን ዳበስ ዳበስ አድርገው ገቡ። እሺ ያሉን መሰለን።

ቅዳሜ ማታ ነበር። እትዬ ስንዱ እንደ ልማዳቸው ከኩራዙ ራቅ ብለው፣ ዛላውን ሳያዩ በጣታቸው እየቀነጠሱ ያዳምጣሉ። መጀመሪያ አያ ደሴ ተነሡ፤ ያን ማታ ነብሮቹ ሁለት ሆኑ። ቀጥለው አያ መኩሪያ ጀመሩ፤ ያው ስፋት፣ ያው ፍግ፣ ያው ወፍ። እኔና ትዕግሥት ዘንዶውን እየጠበቅን ተቆነጣጠርን። ድንገት እትዬ ስንዱ፣ በተረት መሐል አንድም ቀን ተናግረው የማያውቁት ሴት፣ ቀና አሉ።

«አያ መኩሪያ፣ ይኸን የሚዞር ባሕርዎን በዓይንዎ አይተውታል?»

አያ ደሴ እንኳ ድንቻቸውን ማኘክ አቆሙ። እኔ በሆዴ «አዎ ይበሉ! አዎ ይበሉ!» እላለሁ።

«አላየሁትም» አሉ አያ መኩሪያ።

እኔና ትዕግሥት ተያየን። እሳቸው ግን ሳይቸኩሉ ቀጠሉ። «መርከብ ላይ ቆሞ ማንም አያየውም፤ እንደ ሌላው ባሕር ነው። ባሕር የሚያጠኑ ሰዎች እስከ ኤደን ባሕረ ሰላጤ አብረውን ተሳፍረው ነበርና የእኔ ሥራ ባልዲ በገመድ መጣል፣ የተቀዳውን ውሃ ሙቀት መለካት ነበር። ቅዝቃዜውን እጄ ያውቀዋል። ውሃው ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ፣ ወፉም ሲበዛ አይቻለሁ። መርከባችን ከያዘችው መንገድ ወደ ጎን ስትገፋ አብሬ ተገፍቻለሁ። መዞሩን፣ ጉብና ጎድጓዳውንም ግን የነገሩኝ ሰዎቹ ናቸው፤ የብዙ መርከብ ልኬት አንድ ላይ አድርገው ነው ያወቁት። እኔ አላየሁም።»

«ዘንዶስ?» አሉ እትዬ ስንዱ፣ በዓይናቸው ጠርዝ እኛን እያዩ። ለካ ሰምተዋል።

«ዘንዶ የለም፣ እትዬ።»

እትዬ ስንዱ ጥቂት ዛላ ቀነጠሱ። ከዚያ ለማንም የማይናገሩ ይመስል ወደ ማንደጃው እያዩ፣ «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ነው የምውለው» አሉ። «ሽማግሌ ሆኖ የሚመጣ ሰው ቢኖር ወንበር አላጣም።»

አያ መኩሪያ አንገታቸውን ደፉ። አያ ደሴ «እኔ አለሁ! ሽማግሌው እኔ ነኝ!» ብለው ብድግ አሉ። እኔ እልል ልል አፌን ስከፍት እንባዬ መጣብኝ፤ በርበሬ በነካ እጄ ዓይኔን አሸሁት። እሪ አልኩ! በደስታ እየሳቅሁ በበርበሬው እያለቀስኩ፣ እናቴ በሳፋ ውሃ ፊቴን ስታጥበኝ፣ ሁሉም ሰው እየሳቀብኝ፣ እንደዚያ ማታ ተደስቼ የማውቅ አይመስለኝም። ከጥምቀት በኋላ ተጋቡ።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በቅርቡ ለክፍሌ የሚሆን ሥዕል በስልኬ ስፈልግ ከሰማይ የተነሣ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ፎቶ አገኘሁ። በሰማያዊው ላይ አረንጓዴ ቀለም ጥምልምል ብሎ፣ ዞሮ፣ ገና እየዞረ ያለ ይመስል ነበር። ብቻዬን መምህራን ክፍል ውስጥ ጮህኩ። ተዘግቶ የከረመው መንገድ በተከፈተበት ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ቡሬ ገባሁ።

አያ መኩሪያ ዓይናቸው ደክሟል። ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት፤ ጣታቸው አረንጓዴውን መስመር ተከትሎ ቀስ ብሎ ዞረ። «እንዲህ ነው እንዴ?» አሉ። «እንዲህ ነው ለካ!»

እትዬ ስንዱን ጠራኋቸው። «ይምጡ ይዩ! እውነት ነው፣ ይኸው!»

ከተቀመጡበት አልተነሡም። «እኔ ያኔውኑ አምኜ ጨርሻለሁ፤ ለእሳቸው አሳዪያቸው» አሉ።

እኔ ግን አልጠገብኩም። «አያ፣ የእናንተ መርከብ የት ጋ ነበረች? እስቲ ያሳዩኝ» አልኳቸው። አንዲት ነጥብ፣ የትም ትሁን የት፣ እንዲነኩልኝ ጓጓሁ።

ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ስልኩን መለሱልኝ።

«እንጃ ልጄ። ይኸንን አላውቅም።»

እትዬ ስንዱ ከወዲያ ማዶ በሣቅ ፈነዱ። «ሰማሽ?» አሉኝ። «ያገባሁት ይኸንን ነው።»

ከዚያ ቤት ይዤ የወጣሁት ይኸው ነው። ሰኞ ክፍል ገብቼ ፎቶውን ሳሳይ አንዲት ተማሪዬ አዙሪቱ በመጨረሻ የት ሄዶ እንደሚጠፋ ጠየቀችኝ። ልጆቹ ሁሉ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። «አላውቅም» አልኳቸው፤ ደስ እያለኝ።